ለእናቲቱ አትንገሩ

«ነይ እስኪ ልሳምሽ፤ እኔ ቂም የለኝም» አለችኝ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን፣ ቦኖው ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ቤቷ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ጠላዋ ከቦኖ ውሃ የሚለየው በውስጡ በሚንሳፈፈው ገለባ ብቻ ነው ብዬ ተናገርኩ። ደንበኞቿ እየሳቁ ወጡ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሷ ፊቷን ወደ አጥር ታዞራለች፣ እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ብትልክባት «መጀመሪያ ምላሷን ቆርጣ ታምጣ» ብላ የመለሰች ሴት ናት።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ጀሪካኗን አስቀምጣ መጥታ አቀፈችኝ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። አራተኛውን ስትደግም ጉንጯ እርጥብ ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ? ነገ ላይኖር ሰው ምን ያኳርፈዋል ብዬ ነው» አለችና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ወደ ሰልፈኞቹ ዞራ «ልጅቷን አስቀድሟት» አለች።

አስቀደሙኝ። በከተማችን በሞላሌ የቦኖ ተራ ለነፍሰ ጡር አይለቀቅም፤ ስንት ጊዜ በዚያ ሰልፍ ላይ ጀሪካን ሲወራወሩ አይቻለሁ። አሁን ማንም ሳያጉረመርም የየራሱን ዕቃ እየጎተተ መንገድ ከፈተልኝ። አንዷማ ጀሪካኔን ራሷ ቀዳችልኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላመንኩትም። ዝም ማለት ስለማልችል የመጣልኝን ጠየቅኩ።

«የእሑዱ ጨዋታ እንዴት ሆነ? አሸነፍን?»

ሴቶቹ ሁሉ ጀሪካናቸውን ማየት ጀመሩ።

ወንድሜ በኢትዮጵያ ወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እኔ ሃያ። እኔ ማትሪክ ወስጄ፣ ውጤቴ የትም የማያደርስ ሆኖ፣ ቤት ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትል ነበር። እሱ ደግሞ ከሞላሌ የትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እየተመረጠ ሄደ። እቀናበት ነበር። በኳሱ ሳይሆን በመሄዱ።

በእኛ ቤት ኳስ ማለት የጠጉር ጉዳይ ነው። አባቴ ባና ይሠራል፤ ያ ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ መንዝ ውስጥ የማይለብሰው ሰው የለም። ወንድሜ ታዲያ ከአባቴ ከረጢት ጠጉር እየሰረቀ ካልሲ ውስጥ ይጠቀጥቅና ኳስ ያደርገዋል። ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አባቴ በዚያ ስርቆት ስንት ጊዜ ገርፎታል። ብሔራዊ ቡድን ሲገባ ግን ለሰው ሁሉ «እግሩን ያጠነከረው የኔ ጠጉር ነው» እያለ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

እሑድ ለት እናቴ ጨዋታው ሲጀመር ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ልጇ ሲጫወት መስማት አትችልም፤ ጋዜጠኛው በጮኸ ቁጥር ሰው ተገደለ ይመስላታል። እኔና አባቴ ከሬዲዮኑ ጋር ቀረን። የሬዲዮኑን ድንጋዮች ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቼያቸው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከዕረፍት በፊት ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። አባቴ ሬዲዮኑን በጥፊ መታው፣ ነቀነቀው፣ በመጨረሻ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ምንም የለም። ግማሽ ከተማው ጠላ ሻጯ ቤት ተሰብስቦ እየሰማ ነበር። እኔ ወደዚያ የማልሄድበትን ምክንያት ተናግሬአለሁ። አባቴም በእኔ ምክንያት አልሄደም። «ነገ እንሰማዋለን» አለ።

ሰኞን ከእናቴ ጋር ወንዝ ወርደን የተሸለተ ጠጉር ስናጥብ ዋልን። ማንንም አላገኘንም። ከባድ ነበር፤ ደክሞን መጥተን ተኛን።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ከቦኖው ስመለስ ሱቁ ጋ ቆምኩና ባለሱቁን ያንኑ ጠየቅኩት። «እኔ አልሰማሁም» አለኝ። «ባትሪ አለቀብኝ።» ከኋላው መደርደሪያው ላይ ባትሪው ተደርድሮ ይታየኛል። ዐይኔ ወዴት እንዳየ አይቶ ወደ ጓዳው ገባ።

እዚያ ቆሜ ጀሪካኑን በጀርባዬ እንዳዘልኩ ላቤ ቀዘቀዘ። በሞላሌ ብርድ ላብ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቤት ስደርስ የእድሩ ዳኛ አባቴ ዘንድ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ያወራሉ። አባቴ ባናውን ከሚሠራበት የሸማ ጉድጓድ ሳይወጣ «አዎ፣ አዎ» ይላል።

«ነገ ማለዳ የትም እንዳትሄድ» አሉት ሊነሱ ሲሉ። «የእድር ጉዳይ አለች። ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ብቅ እላለሁ።»

«ምን ጉዳይ?»

«ነገ እንነጋገራለን። ያን ያህልም አይደል።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ፣ እህል ቀምሰሻል?»

እናቴ ግራ ገባት። እኒህ ሰውዬ ማንንም «በልተሻል?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ድግስ ላይ እንኳ ስለ ራሳቸው ሳህን ነው የሚያስቡት። «ቀምሻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«ዛሬ ደህና አድርገሽ ብዪ። ነገ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነው።»

«ረቡዕማ ጾም ነው» አለች እናቴ፣ ይህን ማን ሊነግራት እንዳስፈለገ እያሰበች።

እሳቸው ወጥተው በሩ ሳይዘጋ ጠላ ሻጯ ገባች። በሣህን ቅቤ የጠጣ ጭኮ ይዛለች። እናቴ ፊት አስቀመጠችው። «ለእናትና አባት መታሰቢያ ያደረግሁት ነው፤ ቅመሺልኝ» አለች፤ ዐይኗ ግን እናቴ ላይ አይቆምም፣ ጣሪያውን ይዞራል። እናቴ አንዴ ጎረሰች። ጠላ ሻጯ ስትጎርስ አይታ እፎይ አለች።

መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። ባለቤቱ በመጨረሻ ነው የሚሰማው። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው። ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ ያበሉታል። እንቅልፍ አግኝቶ እንዲያድር ይተዉታል። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ።

ጀሪካኑን ጥዬ ወጣሁ። ዳኛውን ከቤታችን በታች፣ ወደ ገበያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ ወንድሜ ሞቷል?»

እንዲህ በግልጽ የጠየቃቸው ሰው የለም መሰለኝ። በትራቸውን ተክለው ቆሙ፤ ግራና ቀኝ አዩ።

«ቀስ በይ! ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ሁሉም ይስመኛል።»

«ወግ አለው፣ ልጄ። መንገድ ላይ የሚባል ነገር አይደለም።»

«ወጉን ነገ ያድርሱት። ለእኔ ዛሬ ይንገሩኝ።»

«አንቺ መቼም...» አሉ። ትልቅ ሰው ሲያዝንልሽ ያስፈራል፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ አስጠጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ወደ ማታ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው ቃል ያመጣው። አዲስ አበባ ያለው የክርስትና አባቱ ነው የላከው። ‘ልጁ አሞታል፣ ሆስፒታል ነው፣ አባቱ በቶሎ ይምጣ፣ ለእናቲቱ አትንገሩ’ ነው ያለው።»

«እና?»

«እናማ ይኸው ነዋ።»

«አሞታል ነው እኮ ያለው!»

«ልጄ» አሉ። «እኔ በዚህ አገር መርዶ ሳረዳ ነው ጠጉሬ የነጣው። ‘ሞተ’ ተብሎ የተላከ ሰው አላውቅም። ሁሉም ‘አሞታል፣ ቶሎ ና’ ተብሎ ነው። ‘ለእናቲቱ አትንገሩ’ ከተባለ ደግሞ አለቀ።»

«በእውነት የታመመ ሰውስ? እሱ ምን ተብሎ ነው የሚላክበት?»

ቆም ብለው አሰቡበት። ከልባቸው አሰቡበት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በሕይወታቸው ያመጡትን መልእክት ሁሉ የቆጠሩ ይመስለኛል።

«የታመመ ሰውማ አይላክበትም» አሉ በመጨረሻ። «ይታመማል፣ ይድናል፣ ሲመጣ ራሱ ያወራናል።»

ሬዲዮኑንም ነገሩኝ። ጠላ ሻጯ ቤት ሁሉም ሰምተውት ነበር። ከዕረፍት በኋላ ወንድሜ ከበረኛው ጋር ተጋጨ፤ ወደቀ፤ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፤ ጋዜጠኛው ከዚያ በኋላ ስሙን አልጠራውም። «በቃሬዛ!» አሉኝ ዳኛው። ከእኛ አገር ገደላ ገደል በቃሬዛ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወዴት እንደሚወሰድ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

አጥሩን ያዝኩ፤ እሾኹ ገባኝ፤ እስከ ማታ ድረስ መውጋቱን አላወቅኩም።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። «ማታ ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርጊ፤ ሰው ይበዛል።»

ይህን መርዶ የመደበቅ ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ። ያስፈራኝ እሱ ነው።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዓለም ከተማ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ሞተች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እናቴን በምን ምክንያት ወደዚያ እንደሚወስዷት መከሩና እኔን መረጡ። «አንቺ ልጅ ስለሆንሽ ታምንሻለች» አሉኝ። ሄጄ «እማዬ፣ አክስቴን ትንሽ አሟታል፤ ሄደሽ ጠይቂያት ተብሏል» አልኳት። አመነችኝ። ያን ቀን ሙሉ ገብስ ቆልታ፣ ፈትጋ፣ ፈጭታ በሶ አዘጋጀች፤ አክስቴ ከሕመም ስትነሣ ከበሶ ሌላ አይበላላትም ነበር። ያን በሶ በጀርባዋ አዝላ በመኪናም በእግርም ሁለት ቀን ተጓዝን። የአክስቴ ደጅ ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። እናቴ በሶውን እንዳዘለች ነው የወደቀችው። ሁሉም ሲያለቅስ በሶው ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ላውርድልሽ ያላት ሰው የለም። እኔም አላወረድኩላትም። ፈራኋት።

በሶውን ይዛው ተመለሰች። ለማንም አልሰጠችም፤ ነቅዞ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን በሶ ተሠርቶ አያውቅም። ለእኔም አንድ ቀን፣ ጠጉር እየፈተልን፣ ሳታየኝ «ሁለተኛ አንቺ አሞታል ብለሽ የነገርሽኝን አላምንም» አለችኝ።

ከዳኛው ተለይቼ በቀጥታ ቴሌ ሄድኩ። ከቴሌዋ ሠራተኛ ጋር በትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነበርን። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች። እሷም ሰምታለች ማለት ነው። የክርስትና አባቱን የሱቅ ቁጥር ሰጠኋት። «መስመር እስኪገኝ ተቀመጪ፤ ሻይ ላምጣልሽ?» አለችኝ።

«ሻይ አታምጪልኝ!» ጮኽኩባት። «አንቺም ልታበይኝ ነው?»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። ደግሞ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አነበብኩት፤ አሁን ምን እንደሚል አላስታውስም። ከቀትር በኋላ ነው መስመር የተገኘው።

«ሄሎ! ሄሎ! ከሞላሌ ነው? አባትሽስ? ተሳፈረ?» ገና ስሜን ሳልናገር የክርስትና አባቱ ይጮኻል።

«ወንድሜ በሕይወት አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው? አሞታል ብዬ ልኬ የለም ወይ? እግሩ ነው! ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ቁስሉ እያበጠ ነው። ሐኪሞቹ ዛሬ ነገ ሳይባል ይሠራ ይላሉ፤ የሥጋ ዘመድ ካልፈረመ ግን አይሆንም። እኔ ልፈርም ብል የክርስትና አባት ዘመድ አይደለም አሉኝ፤ አስቢው እስኪ!»

«ካልተፈረመስ?»

መስመሩ ተንጫጫ። «...እግሩን...» የሚል ሰማሁ።

«ጮክ ይበሉ! እግሩን ምን?»

«ከነገ ካለፈ እናጣዋለን ይላሉ! ለዚያ ነው ለእናቲቱ አትንገሩ ያልኩት፤ ደንግጣ እንዳትወድቅ። አባቱ ይምጣ፤ እሱ ካልሆነ አንቺም ታላቁ ነሽ፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ።»

ማመን ነበረብኝ። ግን ወንድሜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ምን ይለኝ ነበር? ይህንኑ። ቃል በቃል ይህንኑ ይለኛል። ‘እግሩ ነው’ ይላል፣ ‘ቶሎ ኑ’ ይላል፣ ‘ዘመድ ይፈርም’ ይላል። እኔም ለእናቴ እንዲህ ብያታለሁ፤ አክስቴን ‘ወገቧን ነው’ ብያታለሁ፤ ከራሴ ፈጥሬ።

«በማርያም ይበሉኝ» አልኩ።

«በማርያም! በእመቤቴ!»

ለመርዶ ብለው የሚምሉትን መሐላ የነፍስ አባት እንደሚፈታላቸው አውቃለሁ። እሱም አልበቃኝም።

«ያናግረኝ እሱ ራሱ።»

«አንቺ ልጅ አእምሮ አለሽ? እሱ ሆስፒታል፣ እኔ ሱቅ! አልጋውን ተሸክሜ ላምጣልሽ?»

ሠራተኛዋ በጣቷ ሰዓቱን ታሳየኛለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልመለሰልኝን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ፈነዳ።

«ተይኝ እስኪ! ስለዚያ ዳኛ አታንሺብኝ! አንድ ለባዶ፣ አንድ ለባዶ ተሸነፍን! ልጁ የተመታው እኮ እዚያው በረኛው ሥር ነው፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ ሕፃን የሚያውቀው ፍጹም ቅጣት ምት! እዚያ ስታዲየም ያለ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ። ዳኛው ምን አለ? ተጫወቱ አለ! ቢጫ እንኳ አላሳየውም! ያ በረኛ ደግሞ ጺሙ ይኸ ሁሉ፣ የልጆች አባት ነው፣ ወጣት ነኝ ብሎ ይቆማል! ወጣት! ከኔ ጋር እኩያ ነው! እኛ የእናታቸው ጡት ያልደረቀላቸውን ልጆች...»

«ሰዓት አልቋል» አለች ሠራተኛዋ። እሱ ገና እየተሳደበ ነበር ስልኩ የተዘጋው።

ከቴሌ ወጥቼ እየሄድኩ አሰብኩ። ልጅ የሞተበት ሰው ስለ ፍጹም ቅጣት ምት እንዲህ ይናደዳል? አይናደድም፤ ወንድሜ በሕይወት አለ። ሃያ እርምጃ ያህል በዚህ ተደሰትኩ። ከዚያ ደግሞ አጎቴ ትዝ አለኝ፤ ሚስቱን በቀበረ ለት መቃብሩ ጠቧል ብሎ ከቆፋሪዎቹ ጋር እንዴት እንደተጣላ። ሰው ሲያዝንም ይጣላል። ሲያዝን ይብስበታል እንጂ። ቆሜ ቀረሁ። ወደ ቤት መግባት ፈራሁ፣ መንገድ ላይ መቆምም ፈራሁ።

አባቴ ከሸማው ጉድጓድ አልወጣም። እናቴ በጓሮ ናት። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እግሩን፣ ፊርማውን፣ ነገ ካለፈ የሚሆነውን። መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል እንጂ አላየኝም።

«የክርስትና አባቱ ሌላ ምን ሊልሽ ኖሯል?» አለኝ።

«አባዬ፣ አውቀሃል እንዴ?»

«ዳኛው ‘ነገ የትም እንዳትሄድ’ ሲሉኝ ነው ያወቅሁት። እኔስ ከስንት ሰው ደጅ ከእሳቸው ጋር ሄጃለሁ?»

«ተነሥና በነገው አውቶቡስ እንሂድ። ብትፈርም እግሩ ይተርፋል።»

«እኔ ከሄድኩ እናትሽን ማን ይይዛታል? ለቀስተኛ ሲመጣ ቤቴን ባዶ ላገኘው?»

«ባይሞትስ?»

መወርወሪያው እጁ ላይ ቆመ። «ባይሞት...» አለ። «ባይሞትማ...» መልሶ መሥራት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በጥቁሩ ባና ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ነጭ ጠጉር ሠርቶበታል። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም፤ አሁንም አላየውም። እኔም አልነገርኩትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ገብታ ቢላ ይዛ ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀመጠች። ጭኮው እንደነበረ ተቀምጧል። አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚያበላኝ ምን ሆኜ ነው?»

አባቴ ከጉድጓዱ ውስጥ ሳል አለ፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው። ዳኛው ትንፍሽ እንዳትዪ ብለዋል። ዝም ብል ነገ ማለዳ ይመጣሉ፤ ልጇ አልጋ ላይ እግሩን ይዞ አባቱን ሲጠብቅ እዚህ ይለቀስለታል፣ ደረት ይመታለታል፣ ማንም አውቶቡስ ላይ አይወጣም። ብናገር ደግሞ ልላት የምችለው ያንኑ የድሮውን ነው። ሌላ ቃል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

«እማዬ፣ ልጅሽን አሞታል» አልኳት።

አልወደቀችም። ቢላው ላይ እንዳለ እጇ ቆመ። ስታየኝ ዐይኗ ውስጥ አክስቴን አየሁ፤ ድንኳኑን አየሁ። ገደልኳት አልኩ በልቤ።

«ማን ላከሽ? እነሱ ናቸው?»

«ማንም አልላከኝም። እነሱማ እንዳትነግሪ ነው ያሉኝ። እግሩ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ዘመድ ይፈርም ይላሉ። ቴሌ ሄጄ ራሴ ተነጋገርኩ።»

«ከሱ ጋር?»

«ከክርስትና አባቱ ጋር።»

«ድምፁን ሰማሽ? የልጄን?»

አዎ ልላት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታ ነበር።

«አልሰማሁም» አልኩ።

እናቴ ቢላውን አስቀመጠች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ጩኸት ጠበቅኩ፤ ጆሮዬን ልይዝ ቃጣሁ። ምንም ድምፅ የለም። አባቴ ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ አየኝ፤ ዐይኖቹ ቀልተዋል። «ምን አደረግሽ?» አለኝ።

በማግስቱ ስነቃ ሰማዩ ገና አልለየም፤ ቤቱ ግን የተቆላ ገብስ ይሸታል። ጓዳ ውስጥ ወፍጮው ይሰማል። መታወቂያዬን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ የአባቴን ባና ደርቤ፣ ወጣሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል።

እነሱም መጥተዋል። አጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ ዳኛው ከፊት፣ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከጎን፣ ከኋላ እድርተኛው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጠላ ሻጯ ከሴቶቹ መሐል ናት፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ወዴት ነው በማለዳ?» አሉኝ ዳኛው።

«አዲስ አበባ። ልፈርም።»

«ተዪ ልጄ። ተመለሽና ከእናትሽ ጎን ተቀመጪ። እኛ የመጣነው...»

«የመጣችሁበትን አውቃለሁ። አልሞተም።»

«ታውቂያለሽ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

ወደ ጠላ ሻጯ ዞርኩ። «አንቺ ነጠላሽን አስተካክዪው» አልኳት። አላስተካከለችውም።

ከታች፣ ከመንገዱ፣ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ያን ጊዜ እናቴ ወጣች። ሁሉም ዐይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። እሷ ማንንም አላየችም፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። በሁለት እጇ ሁለት የበሶ ቋጠሮ ይዛለች፣ ጨርቁ ገና ይሞቃል።

«ይኸኛው ያንቺ ነው፤ ጨው አለበት» አለችኝ። «ይኸኛው የሱ ነው። ስኳር አድርጌበታለሁ። መንገድ ላይ ራበኝ ብለሽ እንዳትፈቺው።»

«እሺ» አልኳት።

አባቴ መጥቶ የአጥሩን በር ከፈተልኝ። ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ። ሁለቱን ቋጠሮ ባናው ውስጥ አቀፍኩና በሽማግሌዎቹ መሐል አልፌ ቁልቁለቱን ወረድኩ።